አሸዋው ይወፍር ወይስ ይሳሳ? የጨው ውሃ አኳሪየም በከተማው ዳር

አስተዳዳሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚገባልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ስለሆነ አደባባይ ላውጣው። የጨው ውሃ አኳሪየም ለሚጀምር ሰው እንደ ቡድን ምን እንምከር? ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍራም አሸዋ፣ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስስ አሸዋ፣ ወይስ ባዶ መስታወት? አብዛኞቻችን የከተማው ዳር ነን። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት እንደ ፈቃዱ ነው። ይህን እያሰባችሁ መልሱ። ስድብ የለም።

የለገጣፎው፦ ወፍራም! ምክንያቴ ውሃ ነው። ለዓሣ የምንሰጠው ምግብ መጨረሻው ናይትሬት ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀም፣ ሲበዛ የሚጎዳ ቆሻሻ። ናይትሬትን ወይ ውሃ እየቀየርክ ታወጣዋለህ፣ ወይ የሚበላው ባክቴሪያ ታኖርለታለህ። የወፍራም አሸዋ ታችኛው ክፍል ኦክስጅን አይደርሰውም። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ይሸኙታል። በነጻ! አለበለዚያ ሮቶ ጠብቀህ፣ በኦስሞሲስ ማጣሪያ አጣርተህ (አንድ ሊትር ንጹህ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈሳል)፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ የውጭ ጨው ጨምረህ ነው አንዴ የምትቀይረው። በዚህ ሰፈር በየሳምንቱ ውሃ ቀይር ማለት ቀልድ ነው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ወንድሜ፣ ውሃውን አሰብክ፣ መብራቱን ዘለልከው። አሸዋው ውስጥ ያለው ሁሉ ይተነፍሳል። ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ የላይኛው ባክቴሪያም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የውሃው ፊት ካልተናጠ ደግሞ ኦክስጅን እንደ ልቡ አይገባም። አሸዋው ግን መተንፈሱን አይተውም። ደግሞ የምናነበው ምክር ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የጻፈው ነው። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ወደ 5 ይወርዳል። ገና ስንጀምር ጎደሎ ነን።

የቡራዩው፦ ሃሃ፣ አሁንስ ዓሣውንም ከፍታ አመመው በሉና!

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሳቅ። ሌሊት መብራት ሲሄድ ባትሪ አብርተህ እያቸው። ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃው ፊት ደቅነው፣ ጉንጫቸው ቶሎ ቶሎ ሲል ታያለህ።

የሰበታው ጋሼ፦ ልጆች፣ ወፍራም አሸዋ ስላለኝ ልናገር። የመስታወቱን ጎን ዝቅ ብላችሁ ብታዩት ፎቅ በፎቅ ነው። ላዩ ነጭ፣ ከሥሩ ቡና ዓይነት፣ ታቹ ግራጫ። ትንንሽ አረፋዎች መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሰው ጥቁሩን ሲያይ ይደነግጥና መቆፈር ይጀምራል። ጥፋቱ ያኔ ነው። ጥቁሩ የብረትና የሰልፈር ውህድ ነው፣ እንዳለ ቢቀመጥ ማንንም አይነካም። ስትቆፍሩት ግን እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ እሱ መርዝ ነው። ወፍራም አሸዋ የሚፈልገው አለመነካት ነው።

የኮዬው፦ ጋሼ፣ እርስዎ የራስዎ ቤት ውስጥ ነዎት። እኔ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ልቀቅ ያለኝ ቀን ያንን ሁሉ ሳልነካ እንዴት ልጓጓዝ? ደግሞ ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር አኳሪየም ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ 40 ሊትር ነው። ደረቁን ብቻ ወደ 60 ኪሎ። የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለም።

የሰበታው ጋሼ፦ ይሄ እውነት ነው ልጄ። ለተከራይ አልመክርም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የግንባታ አሸዋ አጥቤ ብጠቀምስ? ጨውስ ከሱቅ የአፍዴራ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ሁለቱም አይሆኑም። የእኛ አካባቢ አሸዋ በብዛት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለህ አስጠጋው፤ ጥቁር ብናኝ ተለጥፎ ከተነሳ ብረት አለበት ማለት ነው፣ ተወው። የባሕር አኳሪየም አሸዋ አራጎናይት ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። የገበታ ጨው ደግሞ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙ ከየት ይመጣል?

የለገጣፎው፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አሜሪካዊው የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ሮናልድ ሺሜክ ስለ ወፍራም አሸዋ የጻፈውን አንብቡ። እሱ የሚለው እኮ ቁልፉ ትሎቹና ጥቃቅን እንስሳቱ ናቸው ነው። እነሱ አሸዋውን እያላወሱ ያኖሩታል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ራስህ አመጣኸው። ትሎቹ ሲያልቁ ከየት ትተካለህ? ቀይ ባሕር ዳር ያለ ሰው አንድ ጭልፋ ሕይወት ያለው አሸዋ ጨምሮ ያድሰዋል። እኛ ወደብ ካጣን ስንት ዘመናችን! አንዳንዱ ደግሞ አሸዋ ያጸዳልኛል ብሎ የባሕር ኮከብ ይገዛል። እሱ ትሎቹን ጠራርጎ በልቶ ራሱም በረሃብ ይሞታል።

ሌላም አለ። ናይትሬት የሚበላው ባክቴሪያ አሸዋ ውስጥ ብቻ አይኖርም። የላይቭ ሮክ፣ ማለትም ባክቴሪያና ጥቃቅን ሕይወት የሰፈረበት ባለ ቀዳዳ የባሕር ድንጋይ፣ ሆድ ውስጥም አለ። የባሕር አልጌ ብታሳድግ እሱም ናይትሬት ይስባል፣ እያጨድክ ታወጣዋለህ። ስለዚህ ስስ አሸዋ ይሁን፣ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ውሃ በቀየርክ ቁጥር በቀጭን ጎማ አንዱን ጥግ ብቻ ሳብ፣ በሚቀጥለው ሌላውን። ሁሉንም በአንዴ አትንካ። ከሁሉ በፊት ግን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይገዛ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ የለገጣፎው። ቤትህ መብራት ሲጠፋ ከባትሪ የሚተካ ኢንቨርተር አለ?

የለገጣፎው፦ አለ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አላልኳችሁም? 😄

የቡራዩው፦ ባዶ መስታወት የሚል አንድ ሰው እንኳን ጠፋ? እኔ ልበል። ለመጥረግ የሚቀለው እሱ ነው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያድር ዓሣ ለሚወድ ግን አይሆንም፣ መልኩም ይቀዘቅዛል።

አስተዳዳሪ፦ እሺ። ለጀማሪና ለተከራይ ስስ አሸዋ፣ ከአየር ፓምፕ ጋር ብዬ ከላይ ልለጥፈው ነው። ወፍራም የሚፈልግ የራሱ ቤትና የመብራት መጠባበቂያ ይኑረው። አሮጌውን የጨው ውሃ አትክልት ላይ አትድፉ፣ አፈሩን ይገድላል።

የለገጣፎው፦ አለመስማማቴ ይመዝገብልኝ። በቦቴ የምገዛውን ውሃ ሂሳብ ለቱሉ ዲምቱዋ ነው የምልከው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ ላከው። የኢንቨርተርህን ዋጋ ቀንሼ እከፍላለሁ።