በ46 ዓመት ማስተርስ፦ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለመምራት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የምሠራው በግል ኩባንያ የግዥ ክፍል ነው። ሥራዬን ሳልለቅ ማስተርስ ተምሬ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መምራት እፈልጋለሁ። ምን ላስቀድም? ምን ዓይነት ፕሮግራም ልምረጥ?

መልስ (ማዕዶት)
ከሁሉ በፊት ከተማሩበት ተቋም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የተረጋገጠ የውጤት ማስረጃ) ይጠይቁ። የቆየ ፋይል ከማኅደር እስኪወጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ማመልከቻ የሚዘገየውም እዚህ ላይ ነው። በታሸገ ፖስታ ከተሰጥዎት አይክፈቱት፤ ከተከፈተ አይቀበሉትም። በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስምዎ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ማረጋገጫ ከወዲሁ ያዘጋጁ።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ፣ ከትምህርት ለራቀ ሰው ብዙ ፕሮግራሞች የሥራ ኃላፊ የጻፈውን ይቀበላሉ። ለጻፊው የፕሮግራሙን ስም፣ የመጨረሻውን ቀንና እርስዎ የሠሯቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች በአንድ ገጽ ይስጡት። ያለዚያ የሚጻፈው «ታታሪና ታማኝ ናቸው» ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመራጮቹ ምንም አይነግራቸውም።

መልስ (ባለሂሳቡ)
የፕሮግራሙን ስም ትተው የኮርሶቹን ዝርዝር ይመልከቱ። የፋይናንስ አስተዳደር፣ የቦርድ አሠራር፣ የገቢ ማሰባሰብ፣ ክትትልና ግምገማ ከሌሉበት፣ «አመራር» የሚለው ስያሜ ብቻውን አይጠቅምዎትም።

ከግል ኩባንያ የሚመጣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው በገንዘቡ ላይ ነው። ባንክ ውስጥ 1,000,000 አለ እንበል። ከዚህ 850,000ው ለጋሹ ለውኃ ጉድጓድ ብቻ ብሎ የሰጠው ነው። የቢሮ ኪራይና ደመወዝ 200,000 ቢፈልግ፣ ድርጅቱ በነፃነት የሚያዝበት 150,000 ብቻ ስለሆነ 50,000 ይጎድለዋል። «ለጊዜው ከጉድጓዱ እንበደር» ከተባለ በኦዲት ይገኛል፤ ለጋሹም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ትምህርት እስኪጀመር የአንድ ድርጅት የኦዲት ሪፖርት ይዘው፣ ከሠንጠረዦቹ ቀጥሎ ያሉትን ማብራሪያዎች ያንብቡ። የታሰረው (ለጋሹ ለአንድ ዓላማ ብቻ የሰጠው) እና ያልታሰረው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በዝርዝር ተለይቶ የሚታየው እዚያ ነው። በኤክሴልም በጀትን ከወጪ ጋር ማነጻጸር ይለማመዱ።

መልስ (ንጋት)
ስለ ጊዜ ልጨምር። በአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይወስዳል፤ ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሆናል። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ይበቃል፤ ሁለት የሚጀምሩ ሰዎች የሚወድቁት መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ መረጃ በእጅዎ ሊገባ ከሚችልበት ይምረጡ። ድርጅቱ መረጃውን እንደሚሰጥዎት በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ፕሮፖዛል አያስገቡ። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድም ጊዜ ይፈጃል።

መልስ (ማዕዶት)
አጭር ሰርተፍኬት ቢያስቀድሙ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ክሬዲቱ በኋላ ለማስተርሱ እንደሚያዝልዎት ከመክፈልዎ በፊት በኢሜይል ይጠይቁ። የቃል ተስፋ አይበቃም።

መልስ (አገልጋይ)
እኔ ግን ዲግሪውን ብቻ አይጠብቁ እላለሁ። እየተማሩ የአንድ ትንሽ ድርጅት ቦርድ ውስጥ ይግቡ፤ በግዥ ልምድዎ የፋይናንስ ኮሚቴው ይፈልግዎታል። ኩባንያዎ ለዚያ ድርጅት ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ ግን ግንኙነቱን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ጉዳዩ ሲቀርብ ከስብሰባው ይውጡ፣ ድምፅም አይስጡ። መውጣትዎ በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ያረጋግጡ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ቦርድ ውስጥ እያለሁ እዚያው የሥራ አስኪያጅ ቦታ ቢወጣ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ (አገልጋይ)
መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን ይዩ፤ አንዳንዱ ከቦርድ ከወጡ በኋላ የመቆያ ጊዜ ያስቀምጣል። ደንቡ ዝም ቢል እንኳ ማመልከቻዎን ከማስገባትዎ በፊት ከቦርዱ ይልቀቁ፤ ደመወዙና መስፈርቱ በሚወሰንበት ስብሰባም አይገኙ።