አርብ ወደ ፋርጎ ሎድ ይዣለሁ፣ ፎርካስቱ ያስፈራል፣ ልሂድ ወይስ ልቁም?

አዲስ ሾፌር

ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ፣ ትራክ መንዳት ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ፣ እስካሁን የሠራሁት ቴክሳስ ኦክላሆማ ሉዊዚያና አካባቢ ስለሆነ ስኖው ላይ ነድቼ አላውቅም ብል ይሻላል፣ አንዴ ኦክላሆማ ላይ ትንሽ አይስ ገጥሞኝ ትራክ ስቶፕ ገብቼ ተኝቼ ነው ያለፈልኝ። አሁን ዲስፓቸሬ (ሥራ የሚመድብልኝ ሰው) ከዳላስ ፋርጎ ኖርዝ ዳኮታ የሚገባ ሎድ ሰጠኝ። ሐሙስ ጠዋት ጭኜ አርብ ማታ አራግፌ፣ ከዛ ባዶዬን ቢስማርክ ሄጄ ሌላ እንድጭን ነው።

ፎርካስቱን (የአየር ትንበያውን) ሳይ አርብ ከሰዓት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ኢንች ስኖው ይላል፣ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ በሰዓት እስከ 50 ማይል፣ ቅዳሜ ጠዋት ማይነስ 22፣ ዊንድ ቺል ማይነስ 48። (ፋራናይት ነው አትሳቀቁ።) 2 እስከ 4 ኢንች ብዙ አይደለም አይደል? ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ እዚህ 10 ኢንች ወርዶ ሰው ሥራ ይሄዳል ብሎ ሳቀብኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ብርዱ ነው፣ በማይነስ 48 ሞተሩ ይነሳል ወይ? ዲዝሉስ አይረጋም? የምታውቁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ዛሬ ማታ እሺ ወይ እምቢ ማለት አለብኝ።

የ29 ደንበኛ

ወንድሜ ስለጠየቅክ ጎበዝ፣ ብዙው ሰው የሚጠይቀው ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ግን ዋናውን ቁጥር በመሀል ዘለህ አለፍከው፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው 50 ማይሉን ነፋስ ነው።

ብሊዛርድ ሲባል ብዙ ስኖው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዌዘር ሰርቪሱ (የመንግሥት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ) ብሊዛርድ የሚለው ነፋሱ 35 ማይልና ከዛ በላይ ሆኖ፣ እይታ ከሩብ ማይል በታች ወርዶ፣ ይሄ ሁሉ 3 ሰዓት ወይ ከዛ በላይ ሲቆይ ነው፣ ስንት ኢንች ወረደ የሚል ነገር ውስጡ የለበትም። እንደውም ከላይ አንድም ሳይወርድ መሬት ላይ የተኛውን አንስቶ ብሊዛርድ ይሆናል፣ ግራውንድ ብሊዛርድ ይሉታል። አንዴ አይ 29 ላይ (ከካንሳስ ሲቲ ፋርጎ የምትወጣበት ሀይዌይ) ይዞኝ ያውቃል፣ ቀና ስል ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ወጥታለች፣ ከፊቴ ካለው ትራክ የሚታየኝ የትሬለሩ ጣሪያ ብቻ ነው፣ ነጭ ጎርፍ ላይ እንደሚንሳፈፍ ነገር፣ የኋላ መብራቱ የለም፣ መስመሩ የለም፣ የራሴ ኮፈን እንኳ እየጠፋ ይመጣል። ከፊቴ የነበረው ትንሽ መኪና ቢሆን ኖሮ እላዩ ላይ ነበር የምወጣው።

ደግሞ ብርዱ ሲጠና ስኖው ደረቅ ነው፣ ዱቄት በለው። በተለመደው ጊዜ 10 ኢንች ስኖው ቢቀልጥ 1 ኢንች ውሃ ይወጣዋል ይላሉ፣ በእንዲህ ያለ ብርድ ግን 15 ወይ 20 ኢንቹ ነው 1 ኢንች የሚሆነው፣ ስለዚህ ነፋሱ እንደ ላባ ያነሳዋል። የአጎትህ ልጅ 10 ኢንች የሚልህ እርጥቡ፣ ነፋስ ሳይኖር ቀጥ ብሎ የወረደው ነው። 10 ኢንች ያለ ነፋስና 3 ኢንች ከ50 ማይል ጋር ምረጥ ብትለኝ ዓይኔን ሳላሽ 10ሩን ነው የምነዳው።

ከሁሉም የከፋው ባዶህን ቢስማርክ መሄድህ ነው። ባዶ 53 ጫማ ትሬለር በዛ ነፋስ የጀልባ ሸራ ነው በለው፣ ታች አይስ ካለ ጎማው የሚይዘው ነገር የለም። የፋርጎውን እንኳ ብታደርስ ቢስማርክን አርብ ማታ እንዳትሞክራት።

ፋርጎ ነዋሪ

እዚህ ነው የምኖረው፣ ትራክ አልነዳም ግን አየሩን ልንገርህ። ይሄ ሬድ ሪቨር ቫሊ የሚባለው ድሮ ሐይቅ የነበረ ሜዳ ነው፣ ዝርግ ነው፣ ከካናዳ የተነሳን ነፋስ የሚያቆም ኮረብታ የለም፣ ዛፍ ቢሉ እርሻ ቤቶች ዙሪያ የተተከለ ብቻ። ከተማ ውስጥ ቀላል የሚመስለው ነገር ከመጨረሻው መብራት እንዳለፍክ ሌላ ዓለም ይሆናል።

ደግሞ አንድ ፎርካስት ብቻ አይተህ አትነሳ። ስልክህ ላይ የመጣልህ ምናልባት የፋርጎን ብቻ ነው። ከካንሳስ ሲቲ 29ን ይዘህ ስትወጣ የዌዘር ሰርቪሱ የሱ ፎልስ (ሳውዝ ዳኮታ) ቢሮ አለ፣ ከዛ አበርዲን፣ ከዛ ፋርጎን የሚያየው የግራንድ ፎርክስ ቢሮ ነው፣ ወደ ቢስማርክ ስትዞር ደግሞ የቢስማርኩ። የዌዘር ሰርቪሱ ድረገጽ ላይ ካርታውን ስትነካ የዛችን ቦታ ብቻ በየሰዓቱ ያወጣልሃል፣ የምትደርስበትን ሰዓት አስበህ ሱ ፎልስን ሰሚትን ፋርጎን ለየብቻ እየው። ቀለም የተቀባውን የቲቪ ካርታ ተወው።

ስም ላይ ደግሞ ግራ እንዳይገባህ፣ ዋች ማለት ሊመጣ ይችላል ተዘጋጅ፣ ዋርኒንግ ማለት መጥቷል ወይ መምጣቱ የማይቀር ነው። ዊንድ ቺል ዋርኒንግ የሚባለው ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ቀርቷል፣ አሁን ኤክስትሪም ኮልድ ዋርኒንግ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ የድሮውን ስም ፈልገህ ስታጣ ምንም የለም ብለህ እንዳትነሳ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። እንዲህ ያለው አየር ሲመጣ አርብ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ፋራናይት ምናምን ሆኖ አስፋልቱ እርጥብ ይሆናል፣ ሰው ኧረ ምንም የለም ይላል፣ ፍሮንቱ (ቀዝቃዛውን አየር ይዞ የሚመጣው ግንባር) ሲያልፍ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ዜሮ ይወርድና ያ እርጥብ መስታወት ሆኖ ቁጭ ይላል። ጨው ይበተናል አትበል፣ የተለመደው ጨው ከ15 ዲግሪ በታች ብዙም አይሠራም። መንገድ ሲዘጉ በር ነው የሚዘጉት፣ የሀይዌይ መግቢያው ላይ እንደ ባቡር ማቋረጫ ያለ ዘንግ ይወርዳል። ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ የተዘጋ መንገድ ላይ ማለፍ እስከ 250 ዶላር ያስቀጣል፣ ከቅጣቱ ይልቅ ግን ማንም መጥቶ እንደማያወጣህ አስብ፣ በረዶ የሚጠርጉት ፕላው መኪኖቹም የሚወጡበት ሰዓት አለ። የመንገዱን ሁኔታ ለማወቅ 511 እየደወልክ ወይ አፑን እያየህ ና።

ናፍጣ ሐኪም

ብርዱን እኔ ልመልስልህ፣ መካኒክ ነኝ። መጀመሪያ ማይነስ 48ቱን ከጭንቅላትህ አውጣ፣ ዊንድ ቺል የቆዳ ቁጥር ነው፣ ለሰው ነው የተሠራው። ብረት ዊንድ ቺል አያውቅም፣ ነፋሱ ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። ስለዚህ ሞተርህ የሚያየው ማይነስ 22 ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ዲዝል ውስጥ ሰም አለ፣ ብርድ ሲሆን ሰሙ ይረጋና ናፍጣው ይደፈርሳል፣ ከዛ ፊልተሩን ይደፍነዋል፣ መኪናው ኃይል እያጣ እያጣ ሄዶ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ። ከዳላስ የምትቀዳው ናፍጣ ለዳላስ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ሙሉ ታንክ የቴክሳስ ናፍጣ ይዘህ ዳኮታ እንዳትገባ፣ ካንሳስ ሲቲ አካባቢ ታንኩ ጎድሎ እንዲደርስ አድርግ፣ ሱ ፎልስ ላይ ለክረምት የተቀላቀለውን ሙላ፣ አንቲ ጀልም (ናፍጣ እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ) ጨምርበት። አንቲ ጀል የሚሠራው ናፍጣው ሳይደፈርስ ነው፣ ከረጋ በኋላ ጠርሙስ ሙሉ ብትገለብጥበት ዋጋ የለውም፣ ለረጋው ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱንም አንድ ይዘህ ሂድ፣ ትርፍ የናፍጣ ፊልተርም አብሮ።

ዴፍ (ጭሱን ለማጣራት በራሱ ታንክ የሚሞላው ፈሳሽ) 12 ዲግሪ ፋራናይት ላይ በረዶ ይሆናል፣ አትደንግጥ፣ ታንኩ ማሞቂያ አለው ሞተር ሲነሳ ይፈታል፣ ብቻ እስከ አፉ አትሙላው በረዶ ሲሆን ይነፋል። ማታ ሞተር አታጥፋ፣ በማይነስ 22 ያጠፋኸው ሞተር ጠዋት ላይነሳ ይችላል። እና ይሄን ማንም አይነግርህም፣ በእርጥብ መንገድ መጥተህ ወዲያው ፓርኪንግ ብሬክ ከሳብክ የፍሬኑ ሸራ ከድራሙ ጋር በበረዶ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጠዋት ስትነሳ ጎማው ሳይዞር ይጎተታል፣ አንድ መቶ ሜትር ሄደህ ጎማህ ተበልቶ ታገኘዋለህ። ልትቆም ስትል ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግክ አሙቀህ አድርቀው።

ጭነቱ ምንድነው ግን? ቀለም ወይ ውሃ ያለበት ነገር ከሆነ ድራይ ቫን (ማሞቂያ የሌለው ትሬለር) ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ኋላ አንተ ላይ ነው የሚያላክኩት። ወረቀቱ ላይ ከብርድ ይጠበቅ የሚል ካለ እየው።

ጀግናው

ኧረ ምንድነው ይሄ ሁሉ ፍርሃት 😂 እኔ በጃንዋሪ 2019 ሚኒያፖሊስ ማይነስ 28 የገባ ቀን ሎድ አድርሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ቀስ ብለህ ንዳ በቃ። ሎድ እየመለስክ ይሄን ሥራ አትሠራውም፣ ዲስፓቸርህ ሁለተኛ ጥሩ ሎድ አይሰጥህም።

ሎዛ ትራክ

ጀግናው፣ በ2019 የነዳኸው ብርድ ላይ ነው፣ ይሄ ልጅ የሚጠይቀው ነፋስ ያለበትን ነው። ከላይ የተጻፈውን ያነበብከው አይመስለኝም።

አዲስ ሾፌር፣ የኔን ልንገርህ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ 29 ላይ፣ ሳውዝ ዳኮታ ሰሚት የምትባል ከፍ ያለች ቦታ አለች ነፋሷ የታወቀ ነው፣ ዲስፓቸሬ ትንሽ ነው የቀረሽ ግፊ ግፊ ብሎኝ ገፋሁ። የወረድኩት በ15 ማይል ፍጥነት ነው፣ አልተጋጨሁም አልተገለበጥኩም፣ መስመሩ ጠፍቶኝ በቀስታ ወደ ቀኝ ሸሸሁና ዲች ውስጥ ገብቼ ቀረሁ። 9 ሰዓት ነው የቆየሁት። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ሞቆኛል፣ ግን ስኖው ተከምሮ ጭስ ማውጫ ወይ አየር ማስገቢያ ቢደፍንስ ብዬ በየሰዓቱ እየወረድኩ አያለሁ፣ ስወርድ ትራኩን በእጄ እንደያዝኩ ነው የምዞረው፣ ሁለት እርምጃ ብርቅ የት እንዳለሁ አላውቅም። ጓንቴን አውልቄ የበሩን እጀታ ለመክፈት የታገልኩባት ደቂቃ እስካሁን ሁለቱ ጣቶቼ ብርድ ሲነካቸው ይነግሩኛል። በአንተ ማይነስ 48 ዊንድ ቺል የተገለጠ ቆዳ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚችለው። በስኒከርና በጃኬት እንዳትሄድ፣ ቦቲ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ፊት መሸፈኛ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳይሞቅ የሚበላ ምግብ፣ ውሃውን ካቡ (ጋቢናው) ውስጥ እንጂ ሳይድ ቦክስ ውስጥ አታስቀምጥ።

ዲስፓቸሩን በተመለከተ። የፌደራሉ የትራክ ሕግ 392.14 ይባላል፣ አየሩ አደገኛ ከሆነ ፍጥነት ቀንስ፣ በጣም ከከፋ አቁም ይላል። አቁም የሚለው ላንተ ነው። ሕግ እንድትጥስ ካስገደደህ ደግሞ ኮኤርሽን ነው፣ ከ2016 ጀምሮ ያስቀጣል። ስልክ ላይ አትከራከር፣ በቴክስት ጻፍለት፣ ብሊዛርድ ዋርኒንግ ስላለ በ392.14 መሠረት ሱ ፎልስ እቆማለሁ ብለህ። እኔ እንደዛ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የሚጮህብኝ ሰው የለም።

አዲስ ሾፌር

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ በተለይ እህቴ ሎዛ፣ እንኳን ተረፍሽ። ጭነቱን አየሁት የብረት ዕቃ ነው ብርድ አይጎዳውም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አየር ሲበላሽ ከተፈቀደው ሰዓት ላይ 2 ሰዓት ተጨማሪ መንዳት ይቻላል የሚባለው አለ አይደል፣ በሱ ተጠቅሜ አርብ ፍሮንቱን ብቀድመውስ?

ሎዛ ትራክ

አይሠራልህም። እሱ ስትነሳ ልታውቀው የማትችለው ነገር መንገድ ላይ ሲገጥምህ ነው። አንተ አየሩ ሳይመጣ ሦስት ቀን ቀድመህ እዚህ ጽፈህ ጠይቀሃል 😄 አላውቅም ነበር ማለት አትችልም። እንዲህ ያለውን አየር ደግሞ አትሽቀዳደመው፣ ከሱ ፎልስ ፋርጎ ወደ 240 ማይል ነው፣ ፍሮንቱ ከፎርካስቱ ሦስት ሰዓት ቢቀድም መሀሉ ላይ ነው የሚያገኝህ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ መቆሚያ እንደልብህ አታገኝም። ሲቆሙም ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚቆመው፣ አርብ ከሰዓት ትራክ ስቶፑ ይሞላል፣ ቀደም ብለህ ግባ።

የ29 ደንበኛ

እሷ ያለችውን ስማ። እሁድ ነፋሱ ሲበርድ ብርዱ ይቀራል፣ ብርዱን ትችለዋለህ። ስትነሳ ክሩዝ (ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን) አጥፋ፣ ጄክ ብሬክ (የሞተር ፍሬኑን) አጥፋ፣ ድልድይ ላይ መሪም ፍሬንም አትነካካ።

አዲስ ሾፌር

ጻፍኩለት። መጀመሪያ ደወለ፣ አላነሳሁም፣ በቴክስት አውራኝ አልኩት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደንበኛውን አናግሬዋለሁ እሁድ ከሰዓት ይቀበሉሃል አለኝ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ቢስማርኩን ሰኞ አደረገው። አሁን ካንሳስ ሲቲ ነኝ፣ አንቲ ጀሉን ገዝቻለሁ፣ ናፍጣ ሐኪም አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሱ ፎልስ ስደርስ ከመቅዳቴ በፊት ነው የምጨምረው ወይስ ከቀዳሁ በኋላ?

ናፍጣ ሐኪም

በፊት። ናፍጣው እላዩ ላይ ሲወርድ እሱ ራሱ ያማስለዋል። ሁለቱም ታንክ ላይ።