የቆጋን ውሃ በምን ሕግ እናድል?

መነሻ፦ መራዊ ላይ ሳንጨርሰው የተለያየነው ክርክር ነው። የቆጋ መስኖ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ ያጠጣል፣ በጋ ላይ ተራው ያጣላል። የቦዩን መዝጊያ ኮምፒውተር ቢያዝዘው ማንን ያስቀድም?

የዳንግላው፦ ቀኑ ሊያልፍበት የደረሰው ይቅደም፣ አለቀ። ሽንኩርት በየ5 ቀኑ 2 ቀን፣ ስንዴ በየ7 ቀኑ 4 ቀን ውሃ ይፈልጋል እንበል፤ ቦዩ አንድ ነው። ከ35 ቀን 34ቱ ተያዘ (14 ለሽንኩርት፣ 20 ለስንዴ)። በእኔ ሕግ ሁለቱም ይደርስላቸዋል። «ቶሎ ቶሎ የሚጠማው ይቅደም» ካላችሁ ግን ሽንኩርቱ በ5ኛው ቀን ተመልሶ ይመጣና ስንዴው በመጀመሪያው ሳምንት 3 ቀን ብቻ ይጠጣል። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ሊዩና ሌይላንድ በ1973 አስልተውታል፦ ተራ የሚጠብቁት ሥራዎች ቁጥር ሲበዛ የእናንተ ሕግ ሁሉም በቀኑ እንዲደርስ ዋስትና የሚሰጠው ከጊዜው እስከ 69 በመቶ ገደማ ሲያዝ ነው፣ የእኔው እስከ 100።

የማርቆሱ፦ ውሃው ሲሞላማ ማንም ያድላል። ሲቀጥንና የ34ቱ ቀን ሥራ 38 ሲሆንስ? ያንተ ሕግ ላረፈደው ሲያጠጣ ተከታዩም ያረፍዳል፤ ሁሉም ግማሽ ጠጥቶ ይጠወልጋል። ቶሎ ቶሎ የሚጠማው ይቅደም በሚለው በእኔ ሕግ ግን ማን እንደሚቀር ቀድሞ ይታወቃል።

የሜጫዋ እትዬ (በድምፅ የላኩትን ነው የጻፍኩት)፦ የሚቀረውማ የኔ አቮካዶ ነዋ! ሽንኩርት ቢደርቅ ለከርሞ ይተከላል። ዛፌ ቶሎ ስላልጠማው ኋላ ይሰለፍ?

የማርቆሱ፦ እውነትዎን ነው እትዬ። እንደ ዋጋው ማስቀደም ይቻላል፤ ያኔ ግን የ69ኙ ዋስትና አይሠራም።

መምህር፦ ቁልፉን ረሳችሁት። የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር በ1997 ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ ራሱን እያጠፋ ይነሳ ጀመር። ቅድሚያው ዝቅተኛ የሆነው ሥራ፣ የአየር ሁኔታ መረጃ ሰብሳቢው፣ የጋራውን ቁልፍ (አንዱ ሲይዘው ሌላው እስኪለቀቅ የሚጠብቀውን) እንደያዘ ቅድሚያው መካከለኛ የሆነው ሥራ ገብቶ አቋረጠው። ከሁለቱም የሚቀድመው ሥራ ቁልፉን ሲጠብቅ ሰዓቱ አለፈ። መፍትሔው ከምድር ተላከ፦ ቁልፍ የያዘ፣ እስኪለቅ ድረስ የጠባቂውን ቅድሚያ ይዋስ። እኛስ? የመዝጊያውን ቁልፍ የያዘው ልጅ ለቅሶ ሄዶ ያደረ ዕለት የማን ተራ ነበር?

የዳንግላው፦ የኔ። ስንዴዬ ያኔ ነው የተበላሸ።

የሜጫዋ እትዬ፦ ውይ! የኔው ልጅ ነው እኮ። ቁልፉን እኔ ዘንድ ጥሎት ነበር የሄደው፤ ማን ጠየቀኝ?