ክርክር፦ የገጠር ቤት በዓል መድረክ ላይ ሲዘፈን ዜማው ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይቅረብ?

ጠያቂ፦
ለበዓል የሚታይ ሙዚቃዊ ቲያትር እያሰብን ነው። የገጠር ቤተሰብ ለገና ይሰባሰባል። ልጆች ከከተማ ይመጣሉ፣ ወንድማማቾች በመሬት ይጣላሉ፣ ማታ ይዘፈናል። ጭቅጭቁ ዘፈኑ ላይ ነው። ግማሾቻችን «የሀገረሰብ ዜማ ከነካነው አበላሸነው» ይላሉ። ሌሎቹ «ቲያትር እስከሆነ ድረስ ዜማው ለታሪኩ ይታዘዝ» ባይ ናቸው። እኔ ይስተካከል እላለሁ፤ ተቀባዩን ግን አትንኩት። የበዓል ዘፈኖቻችን አብዛኞቹ በአውጪና በተቀባይ የሚዘፈኑ ናቸው። ለእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» ሲባል «ለምለም» የማይል ማን አለ? ለቡሄም አውጪው ግጥሙን ያወርዳል፣ ጓደኞቹ «ሆ» ይላሉ። እኛ ግን የተቀባዩን ሥራ ለሰለጠኑ ተወዛዋዦች ሰጥተን ታዳሚውን ዝም እናሰኘዋለን። ያኔ ዜማው ሳይነካ ቢቀርብም ዘፈኑ ግማሽ ነው።

ማሲንቆ መቺ፦
ልክ ነህ፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆምክ። ግጥሙንም ልቀቁት። አዝማሪ ሥራው ያለው ሰውን አይቶ መግጠሙ ላይ ነው። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠኛል፣ እኔ በማሲንቆ አነሳዋለሁ፣ የራሴን እጨምርበታለሁ። ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ አለ፤ ወርቁ የገባው ደግሞ ቆየት ብሎ ይስቃል። የተጻፈ ግጥም ሸምድጄ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ብዘፍን አዝማሪ ሆኜ ሳይሆን አዝማሪን እየተወንኩ ነው።

አዘጋጅ፦
ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ከጎንህ ሌላ ተዋናይ ቆሟል። መስመሩን ይጠብቃል። መብራቱም የተወሰነ ቃል ሲሰማ ነው የሚቀየረው። ደስ ያለህን ያህል ብትገጥም እናትየው ወደ መድረክ የምትገባበት ቃል አይመጣም። በሙዚቃዊ ቲያትር አንድ ዘፈን ሲያልቅ አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ወንድምየው ዘፈኑ ሲጀመር ተቆጥቶ፣ ሲያልቅም እንደዚያው ተቆጥቶ ከሆነ ዘፈኑ ለምን ገባ? ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሐዘን በመጣ ቁጥር ትዝታ፣ ደስታ በመጣ ቁጥር እስክስታ! ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም የሚባሉ ሌሎች ቅኝቶች አሉን እኮ። የሚያሳዝን ትዕይንት ሁሉ በትዝታ ከታጀበ ታዳሚው ገና ዋሽንቱ ሲነሳ ማን እንደሚያለቅስ ያውቃል።

ክራር ተጫዋች፦
አራቱንም ቅኝት ተጠቀሙ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ክራሬን ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለማዞር አውታሮቹን እንደገና መቃኘት አለብኝ። አንዷን ሳጠብቅ ሌላዋ ትንሽ ትረግባለች፣ ተመልሼ አስተካክላታለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ጊዜ እገርፋቸዋለሁ። መድረክ ላይ ይህ ረጅም ዝምታ ነው። ዋሽንት የሚነፋውም ጓደኛዬ በአንድ ዋሽንት አይወጣውም፣ የተለያየ ቁመት ያላቸውን ይዞ ይመጣል። አዘጋጆች ይህን ሳያስቡ ይጽፉና ልምምድ ላይ ሲጨንቃቸው «ኪቦርድ ይግባ» ይላሉ። እኔ ኪቦርዱን ነው የምቃወመው። በኪቦርድ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት አስቀድሞ ተወስኗል፤ ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፣ እንደ ተጫዋቹም ትንሽ ይለያያል። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ክራሩ የተሳሳተ ይመስላል። ሁለት ክራር ስጡኝ፣ ወይም እስክቃኝ የሚሸፍን ንግግር ጻፉልኝ። መፍትሔው ይኸው ነው።

የቲያትር መምህርት፦
«እንዳለ ይቅረብ» የምትሉት የትኛውን ነው? ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ ረድፍ ተደርድረው መጫወታቸው ራሱ የመድረክ ሥራ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ዘፈንና ቲያትር በአንድ መድረክ ሲቀርቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ከተለያየ አካባቢ የመጡ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ «ባህላዊ ቡድን» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድርድር ከዚህ ሁሉ የተወረሰ ነው። ስለዚህ ለመድረክ ማስተካከል አዲስ ኃጢአት አይደለም። የምጠላው ሌላ ነገር ነው፤ የገጠሩን ሰው አነጋገር እያጣመሙ ታዳሚ ማሳቅ። ዜማው ተጠብቆ ባለዜማው ከተዋረደ ምኑ ተጠበቀ?

ተመልካች፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! እናቴን ይዤ ገብቼ እናቴ የምትናገረው ነገር እየተሳቀበት ወጥተናል። ከዚያ ወዲህ አብራኝ አልሄደችም።

ጠያቂ፦
መምህርት ያሉት ትክክል ነው። የአነጋገሩ ነገር ለክርክርም አይቀርብም፣ ከጽሑፉ ይወጣል። ወደ አዘጋጁ ጥያቄ ልመለስ፣ ዘፈኑ ምን ይለውጣል ወዳለው። መልሱ ያለው እዚያው በዓሉ ውስጥ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ጌታና ሎሌ ለገና የሚወጡት አንድ ሜዳ ነው፣ ተሰዳድበውም ቂም አይያዝም። የእኛ ታናሽ ወንድም ዓመቱን ሙሉ ለአባቱ መናገር ያልደፈረውን የመሬት ነገር በዚያ ቀን በግጥም ሊያወጣው ይችላል። አባትየው ሊቆጣ አይችልም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ሁሉም ሰምቷል። ተቀባዩን ለታዳሚው ስጡት ያልኩትም ለዚህ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው የልጁን ስንኝ ከተቀበለለት አባትየው የተሸነፈው በመንደሩ ፊት ነው።

ማሲንቆ መቺ፦
እንዲህ ከሆነ ያችን ትዕይንት ለእኔ ልቀቁልኝ። መጀመሪያዋና መጨረሻዋ ስንኝ በጽሑፍ ይሁኑ፣ መካከሉን ከሰው ጋር እሠራዋለሁ።

አዘጋጅ፦
አራት ደቂቃ። የመጨረሻዋን ስንኝ ሳትቀይር ከዘፈንክ መብራቱም እናትየዋም በእሷ ላይ ይመጣሉ። ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። ታዳሚው ባይቀበልስ? አዳራሹ ዝም ካለ ልጁ ብቻውን ቀረ ማለት ነው፣ ታሪኩም ይገለበጣል።

ክራር ተጫዋች፦
ከመጋረጃው በፊት አስለምዷቸው። በሩ እንደተከፈተ እኔና ዋሽንቱ አሲና በል እያልን እንጠብቃቸው። ወንበራቸውን እስኪይዙ አፋቸው ይፈታል።

አዘጋጅ፦
በሚቀጥለው ልምምድ ሰው ጠርተን እንሞክረው። ዝም ካሉ ግን ተቀባዩ ወደ ተወዛዋዦቹ ይመለሳል፣ በዚህ አልደራደርም።