ዮሴፍ ወደ ቤተ ልሔም "ወጣ" ይላል፤ ካርታው ላይ ግን ቤተ ልሔም ከታች ናት። ለልጆች እንዴት ላስረዳ?

ጠያቂዋ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 ነው። የቦታውን ስም በቃላቸው ይዘዋል፤ ካርታ ፊት ሲቆሙ ግን ይደናገራሉ። ሉቃስ 2፥4ን ሲያነቡ "ከናዝሬት ወደ ደቡብ እየሄደ እንዴት ወጣ ይባላል?" ይላሉ። ፕሮጀክተር የለንም፤ ያለን አንድ የግድግዳ ካርታ ነው።

ቁልቁለት
እኅታችን፣ ካርታውን ከግድግዳ አውርደው ወለል ላይ ያንጥፉት፤ ሰሜኑንም ወደ እውነተኛው ሰሜን ያዙሩት። ተሰቅሎ ሳለ ሰሜን "ላይ" መምሰሉ አይቀርም። መጽሐፉ የሚናገረው ግን እግር የሚያውቀውን ዳገትና ቁልቁለት ነው። የእኛም አነጋገር ይኸው ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከደብረ ሲና ሰሜን ምሥራቅ ናት፣ ሰው ግን ወደዚያ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ከዚህ ይጀምሩ።

ከዚያ ቁጥር ይስጧቸው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ፣ ኢያሪኮ ከጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ማለት ነው። ሉቃስ 10፥30 ላይ ያለው "ወረደ" ይህ ነው። ቀጥሎ ሐዋርያት ሥራ 8፥5ን ያስነብቧቸው፤ ፊልጶስ ወደ ሰማርያ "ወረደ"፣ ሰማርያ ግን ከኢየሩሳሌም በሰሜን ናት። "ወጣ"ን በቀይ፣ "ወረደ"ን በሰማያዊ ያስምሩ፤ ግራ መጋባቱ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ "ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናት" ሲባል የደብረ ብርሃን ልጅ የሚያስበው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአርሞንዔም ተራራ ጫፍም እዚያው 2,814 ሜትር ላይ ነው። ኢየሩሳሌም ከሸዋ ሮቢት እንኳ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ልጆቹ ልዩነቱን እንጂ ቁጥሩን ብቻ እንዳይዙ።

ጭቃና ጭድ
በእጃቸው ቢሠሩት ይበልጣል። 80 በ40 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል። አግድም 1 ሳንቲ ሜትር ለ4 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ከዳን እስከ ቤርሳቤህ 60 ሳንቲ፣ የገሊላ ባሕር ርዝመት 5 ሳንቲ፣ ከኢየሩሳሌም ቤተ ልሔም 2 ሳንቲ ይሆናል። ቁመት 1 ሳንቲ ለ250 ሜትር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የባሕር ጠለልን ከሰሌዳው ወለል ሲጀምር ነው፤ ያኔ ጨው ባሕር የሚወርድበት ቦታ ያጣል። ጠለሉን 3 ሳንቲ ላይ ያድርጉት። ስንጥር እየቆረጡ ያቁሙ፤ ኢየሩሳሌም 6፣ ኢያሪኮ 2፣ ጨው ባሕር 1.3፣ አርሞንዔም 14 ሳንቲ። ጭቃውን እስከ ስንጥሩ ጫፍ ይሙሉ። ከፍታው 16 እጥፍ እንደተጋነነ መንገር አይርሱ፤ አለዚያ ገደል ብቻ ይመስላቸዋል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅስ?

ጭቃና ጭድ
የጤፍ ጭድ በደንብ አድቅቀው ይቀላቅሉ፤ 2 ቀን አቡክተው ያሳድሩ። በአንዴ ሳይሆን በ2 ሳንቲ ንብርብር ይለጥፉ፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ላዩ ቀድሞ ይኮማተራል፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

ዝናብ
ቅርጹ ከደረቀ በኋላ ዝናቡንም ያሳዩበት። እዚያ ዝናቡ በብርዱ ወራታቸው፣ ከታላቁ ባሕር (ከሜዲትራኒያን) በምዕራብ ነፋስ ይመጣል። የተራራው ምዕራባዊ ገጽ ይቀበለዋል፤ ምሥራቁ፣ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው፣ ደርቆ ይቀራል። የይሁዳ ምድረ በዳ ለኢየሩሳሌም ይህን ያህል የቀረበው ለዚህ ነው።

ያዕቆብ 5፥7 ላይ ያለውን "የፊተኛውና የኋለኛው ዝናብ" በልግና ክረምት ነው ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። የዚያ አገር ዝናብ አንድ ወቅት ነው፤ የፊተኛው በጥቅምትና ኅዳር መሬቱን ለእርሻ ያለሰልሳል፣ የኋለኛው በመጋቢትና ሚያዝያ እህሉን ያፋፋል። ሩትና ኑኃሚን ቤተ ልሔም የደረሱበት የገብስ አጨዳም (ሩት 1፥22) በፋሲካ አካባቢ ነው፤ የመንዝ ልጅ ግን ገብስ ሲባል ኅዳርና ታኅሣሥ ነው የሚታየው። ከቅርጹ አጠገብ የ2ቱን አገር የወር ሰሌዳ ጎን ለጎን ይለጥፉ።