ቶያማ የሚባለውን የጃፓን ባሕር የሚያውቅ አለ? ዳሩ ላይ ሰማያዊ የሚያበራ ነገር አይቼ ነው

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። እኔ ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ጋ ጀልባ ነው የምነዳው፣ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ጉማሬ ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። ጉማሬው ያው አልወጣም፣ እንግዳ ሲመጣ መጥፋት ልማዱ ነው። እሳቸው ግን ቅርም አላላቸው፣ ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር። አንዱ ሌሊት የተነሳ ነው፣ ውሃው ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት መስመር በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ ሰርግ ቤት የሚዘረጉት መብራት ነው የሚመስለው። በሆዴ ይሄማ ኤዲት ነው አልኩ። አስጎብኚያቸውን ሳስጠይቅ ቦታው ቶያማ የሚባል ባሕረ ሰላጤ ነው፣ ሰውዬው እዛ ነው ያደጉት፣ የሚያበራው ደግሞ ስኩዊድ የሚሉት የባሕር እንስሳ ነው፣ ቀን ብዙ መቶ ሜትር ታች ይውልና ሌሊት ዳር ይመጣል አለኝ።

እኔን ያልገባኝ ይሄ ነው። የኛ ሐይቅ በጣም ጥልቅ የተባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱንም ለማግኘት መሀል ድረስ መሄድ አለብህ፣ ዳር ዳሩን ብዙ ቦታ ብትገባ ውሃው ከወገብህ አያልፍም። ታዲያ ያን ያህል ታች የሚኖር ነገር ሰው ቦት ጫማ አድርጎ የቆመበት ቦታ እንዴት ይደርሳል? ሌላው ፎቶ ላይ ደግሞ ባሕሩ እዚህ ነው፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ከላዩ ተገትሯል። እውነት እንደዚህ ይቀራረባሉ ወይስ የካሜራ ነገር ነው?

አሳ አጥማጆቻቸው አሳ አያሳድዱም መረቡ ባሕር ውስጥ ነው የሚከርመው ብለውኛል ደግሞ፣ ይሄን ለአጎቴ ብነግረው «እኛስ ማታ ጥለን ጠዋት አይደል የምናነሳው፣ ምኑ አዲስ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ። 31 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ባሕረ ሰላጤ ማለት ባሕር ወደ መሬት የገባበት ቦታ ነው ብዬ አስጽፌ አልፍ ነበር፣ ማንም እንዳንተ ታችስ ምን አለ ብሎኝ አያውቅም።

ቶያማ ያለው ትልቁ የጃፓን ደሴት ሆንሹ ላይ ነው፣ የጃፓን ባሕር በሚባለው በኩል። በምዕራብ ኖቶ የሚባል ልሳነ ምድር እንደ ክንድ ወጥቶ አቅፎታል። ዋናው ነገር ግን ታቹ ነው። ባሕረ ሰላጤ ሲባል አብዛኛው ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው፣ ይሄኛው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ከሱሩጋና ከሳጋሚ ጋር ከጃፓን ሦስት ጥልቅ ባሕረ ሰላጤዎች አንዱ እሱ ነው። ሲጠልቅ ደግሞ ቀስ እያለ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ወጣ እንዳልክ ገደል ነው። እንደ አባይ በረሃ ያለ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ሆኖ አፉን ወደ መንደሩ ያዞረ አስብ፣ አሳ አጥማጆቹ «አይጋሜ» ይሉታል። ስለዚህ ያንተ ስኩዊድ ሩቅ አገር አቋርጦ አይመጣም። ቤቱ እዛው ደጃፍ ነው፣ ደረጃ እንደመውጣት ነው የሚወጣው።

ተራራውም የካሜራ ነገር አይደለም። ታቴያማ 3,015 ሜትር ነው፣ ባሕሩ ዳር ቆመህ ይታይሃል። ከጫፉ እስከ ባሕሩ ታችኛው መሬት ስትደምረው 4,000 ሜትር ነው፣ ይሄ ሁሉ ቁልቁለት ደግሞ ከሀዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ብዙ በማይበልጥ ርቀት ያልቃል። ክረምት ላይ የሚወርደው በረዶ ቀልጦ በአጫጭርና ቁልቁለታም ወንዞች (ኩሮቤ፣ ጆጋንጂ፣ ጂንዙ፣ ሾ፣ ኦያቤ) ይወርዳል፣ ከፊሉም መሬት ውስጥ ሰርጎ ከባሕሩ ታችኛው መሬት ሳይቀር እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ውሃው እንደ ድርብ ጋቢ ተደራርቧል ማለት ነው፣ ዳር ዳሩን ከላይ ጨውነቱ የቀነሰ የወንዝ ውሃ አለ፣ ቀጥሎ ከደቡብ የሚመጣው ቱሺማ የሚባለው ሞቃት የባሕር ውስጥ ጅረት፣ ከ300 ሜትር በታች ደግሞ በጋ ክረምት የማይለወጥ 1 እና 2 ዲግሪ የሚሆን ውሃ። የሙቅም የቀዝቃዛም አሳ አንድ ባሕር ውስጥ ይኖራል። በጃፓን ባሕር አሉ ከሚባሉት 800 ገደማ የአሳ ዓይነቶች 500ው እዚያ ይገኛሉ ይባላል። የኛ ሐይቅ ስድስት ነው፣ ሐይቃችንን ለማሳነስ አይደለም ደግሞ።

ሰብለ አዳማ፦
መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እኔ እዛ ለትምህርት ሁለት ዓመት ቆይቼ ይሄን ጋቢውን ማንም አልነገረኝም 😂

የታቦር ልጅ ፎቶው ኤዲት አይደለም። እንስሳው ሆታሩ ኢካ ይባላል፣ ሆታሩ ማለት ሌሊት የምታበራው ትንኝ ነገር ናት፣ ኢካ ስኩዊድ። ርዝመቱ 7 ሳንቲም ቢሆን ነው፣ የጣት ያህል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት ሴቶቹ እንቁላል ሊጥሉ ዳር ዳር ይመጣሉ፣ ዕድሜያቸውም አንድ ዓመት ስለሆነ እንቁላሉን ጥለው ይሞታሉ። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አቅጣጫ ይጠፋባቸዋል ይባላል፣ ማዕበሉ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። ጃፓኖቹ ይሄንን «ራስን መጣል» ዓይነት ስም ነው የሰጡት። የሚመጡበት ባሕር ራሱ በፈረንጅ 1922 የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፣ በ1952 ደግሞ ልዩ የሚለው ተጨመረለት።

አንድ ሌሊት ከዶርም ልጆች ጋር ሄጃለሁ። 6 ሰዓት ላይ ደረስን፣ ብርዱን አትጠይቁኝ የአዳማ ልጅ ነኝ። ዳሩ ሁሉ ሰው ነው፣ አባት እናት ልጅ፣ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው እጀታው ረጅም የሆነ ወንፊት የመሰለ መረብ ይዘው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። አንዷ ሴትዮ ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳች ለማታውቃቸው ሁሉ ታድላለች። ወደ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ ጮኸ፣ ከዛ እግሬ ስር አንድ ነጥብ በራ፣ ሁለት፣ ከዛ ቁጥር ጠፋ። በእጄ አንዷን ሳነሳት የእጆቿ ጫፍ ላይ ያሉት ነጥቦች ቦግ አሉ፣ ቀለሙን ልነግራችሁ አልችልም፣ የብየዳ ብልጭታ ቀዝቅዞ ቢቆም እንደዛ ነው የሚሆነው። ስትነኩት ነው የሚበራው፣ ለቀቅ ሲደረግ ይጠፋል።

ከዛማ ወደ ድስት ነው ያው። ሲቀቀል ይነፋና ወይንጠጅ ይሆናል፣ ሚሶ በሚሉት የአኩሪ አተር ሊጥና ኮምጣጤ ይበላል። መጀመሪያ ግን ዓይኑን አንድ በአንድ በወረንጦ ትነቅያለሽ፣ ጥርስ ውስጥ እንደ ጠጠር ነው ካልወጣ። የዶርሙ ልጆች ለኔ ያን ሥራ ሰጥተውኝ እስኪነጋ ዓይን ስነቅል አደርኩ። ጥሬውን ከነሆድ ዕቃው መብላት ግን አይሆንም፣ ጥገኛ ትል አለበት፣ ወይ ይቀቀላል ወይ በጣም ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ለቀናት ይበረዳል።

ቡናማው ፒያሳ፦
ጾም ላይ ይበላል አይበላም? ዋናው ጥያቄ ተዘለለ

ሰብለ አዳማ፦
@ቡናማው በአሳው ራሱ ገና አልተስማማንም አንተ ስምንት እጅ ያለውንና ሁለት የተረፈውን ታመጣለህ እንዴ 😂 ንስሐ አባትህን ጠይቅ

አሞራ ገደል 07፦
እኔ የአሳ ማህበር አባል ነኝ፣ ስለ መረቡ የተባለውን ነው ማወቅ የምፈልገው። የታቦር ልጅ አጎትህ ልክ ነው እኛም ማታ ጥለን ጠዋት እናነሳለን። ችግሩ ያ አይደለም፣ ችግሩ የመረቡ ዓይን ነው፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ይዘው ሌሊት የሚገቡ አሉ፣ ገና መዳፍ ያልሞላ ቆሮሶ ያወጣሉ፣ በነጋታው በኪሎ ሳይሆን በድርድር ይሸጡታል። አባቴ ከዚሁ ሐይቅ ያወጣ የነበረውን ቆሮሶ ዛሬ ብታየው ሌላ ዘር ነው የምትለው። የነሱ መረብ ባሕር ውስጥ የሚከርም ከሆነ እንዴት አሳቸው አላለቀም? መልስ ያለው ቢነግረኝ።

ሰብለ አዳማ፦
ወንድሜ ያየሁትን ልንገርህ፣ ሂሚ የምትባል ከተማ ነው፣ እዛ ይሄ አሠራር ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። መረቡ እንደኛው አሳው ጉሮሮው የሚያዝበት አይደለም፣ እንደ ግቢ ነው። መጀመሪያ ረጅም የመረብ አጥር አለ፣ ከዳር ወደ ጥልቁ የተዘረጋ። ዳር ዳሩን የሚሄደው አሳ አጥሩ ሲያግደው ወደ ጥልቁ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ሰፊ ግቢ ውስጥ ይገባል፣ ከግቢው ወደ ጠባብ ጓዳ። አሸዋ የሞሉ ከረጢቶች ከታች ይዘውታል፣ ከላይ ተንሳፋፊ። ሰዎቹ ንጋት ላይ ሄደው ጓዳውን ብቻ ነው የሚያነሱት፣ ግቢው ክፍት ስለሆነ ከገባው አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። ገደሉ ቅርብ ስለሆነ መረቡም ቅርብ ነው፣ ወደቡ በጣም ሩቅ አይደለም፣ አሳው በበረዶ ተደርጎ ትኩስ እንደሆነ ጨረታ ላይ ይደርሳል።

ክረምታቸው መግቢያ ላይ ደግሞ ነጎድጓድ አለ፣ «ቡሪ ቀስቃሽ» ይሉታል፣ ቡሪ በቅዝቃዜው የሚሰባው ትልቁ አሳ ነው። መብረቅ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ቡሪ ገባ ማለት ነው። እኔ አልጋ ስር ልገባ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
አሞራ ገደል፣ አጥሩ እኛ ጋ የሚሠራ አይመስለኝም። ያ መረብ የሚኖረው በሚጓዝ አሳ ነው፣ ወቅት ጠብቆ ዳር ዳሩን የሚያልፍ ሲኖር። ቆሮሶ የሰፈር ልጅ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ጅረትም የለንም። ጉማሬውስ አጥሩን ይተውልሃል?

እና ያ አገር ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። ከጠቀስኳቸው ወንዞች በጂንዙ ላይ ከማዕድን ማውጫ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ሲለቀቅ ኖሮ፣ በመስኖ ወደ ሩዙ ማሳ ገብቶ፣ የገበሬው ሴቶች አጥንታቸው እየተሰበረ «ኢታይ፣ ኢታይ» ይሉ ነበር፣ አመመኝ አመመኝ ማለት ነው፣ የበሽታው ስምም ያው ሆኖ ቀረ። መንግሥት መንስኤውን ያመነው በፈረንጅ 1968 ነው። እኛም ጥቁር ውኃ ወንዝ ምን ይዞ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ ብንጠይቅ ነውር የለውም፣ ሐይቃችን መውጫ የለው፣ የገባው እዛው ነው።

ሰብለ አዳማ፦
እውነት ነው መምህር። ቅርቡ ገደልም ዋጋ አለው። በፈረንጅ አዲስ ዓመት 2024 ኖቶ ላይ 7.6 የሆነው መሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ ሱናሚው ቶያማ የደረሰው በደቂቃዎች ነው፣ ጓደኞቼ ማስጠንቀቂያውን ሳይሰሙ በፊት ማለት ይቻላል። ከዛ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቻቸው ሲለኩ የውሃው ውስጥ ሸለቆ ግድግዳ ተንዶ ተገኘ። ሸለቆው ደግሞ ሺሮኤቢ የሚባለው መስታወት የመሰለ ትንሽ ሽሪምፕ ቤት ነው፣ የዛን ዓመት የሺሮኤቢ ምርት ወረደ። የድሮ ሰፈሬ ሰዎች ጀልባቸውን በራቸው ላይ ነው የሚያስሩት፣ ውሃው ከፍና ዝቅ የሚለው ከግማሽ ሜትር በታች ስለሆነ እንደኛ በር ላይ ባጃጅ እንደማቆም ነው። እነሱ ተርፈዋል ተመስገን።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁም ተባረኩ፣ መምህር ደረጃው ገብቶኛል። ለአጎቴ የግቢውንና የጓዳውን ነገር ሳነብለት ዝም አለ፣ ከዛ «ጓዳውን ማን ነው የሚሰፋው» አለኝ፣ እሱን ሰብለ ንገሪኝማ።

ሽማግሌው እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተመልሰው ይመጣሉ። ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ ልጋብዛቸው አስቤ ነበር፣ እነሱም ጥሬ ይወዳሉ ብዬ፣ አሁን ግን የትሉን ነገር ካነበብኩ በኋላ በደንብ አስጠብሳለሁ።

ቡናማው ፒያሳ፦
ጉማሬውን ግን ቅዳሜ ማታ ቀጠሮ አስይዘው