አዲስ የተሠራ የትራክተር ሞተር ዘይት አልስብ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ የትራክተር ሞተር ገጥሞ የሚያውቅ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ብሮንዚኑ (ዘንጎቹ የሚዞሩበት ማረፊያ)፣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ የዘይት ፓምፑ ሁሉም አዲስ ነው። ገና አላስነሳሁትም። ነዳጁን ዘግቼ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ባዞረው ባዞረው የዘይት ግፊት ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ፊልትሮውን ሞልቼ ነው የገጠምኩት፤ የዘይቱም ልክ ሙሉ ነው። የጌጁን መስመር ፈትቼ ባዞረውም ጠብታ የለም። ስለዚህ ጌጁን አላማም።

የምጠረጥረው ፓምፑን ነው። ደረቁን ከተገጠመ ጥርሶቹ አየር ብቻ ያሽከረክራሉ። ወይስ የመሳቢያው ቱቦ ጋስኬት አየር ያስገባ ይሆን? ፓምፑ የሚዞረው በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጥርስ ስለሆነ ከላይ በድሪል ላዞረው አልችልም።

ያሰብኩት በጌጁ ቀዳዳ ዘይት በግፊት አስገብቼ፣ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚገፋው ሮከር አርም ጋ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። በዚህ መንገድ ፓምፑም ይሞላል? ወይስ ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርጄ ፓምፑን በቫዝሊን ልጠቅጥቀው? ኮፓውን ለማውረድ የፊት አክስሉን መፍታት አለብኝ፤ እሱን ባይሆን እመርጣለሁ። በሞተሪኖ መደጋገሙ ግን አስፈርቶኛል። ስገጥም ብሮንዚኑ ላይ የቀባሁት ቅባት ተጠርጎ ካለቀ ብረት ለብረት ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ በስንት ባር እንደገፋችሁም ንገሩኝ።